ቀሪው አልቦ በሆነ ዓመት
(ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ስለ ላስታ ልሳናትና ለሥራ የሚስማማ ቋንቋ ስለ መምረጥ)



የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል። በየአራት ዓመቱ ግን፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው በዘመነ ዮሐንስ፣ አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል። በዓሉ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደትም ነውና፣ ከራያ፣ ከዋግ፣ ከጋይንት ተነሥቶ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ወደ ላሊበላ የሚመጣው ምእመን ቀኑን መሳት አይሆንለትም። አንድ ቀን ዘግይቶ ቢደርስ የሚጠብቀው ባዶ ግቢ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ ቀኑን ከማን ይሰማል? ከደብሩ ካህን ነው። ካህኑስ? ከመምህሩ። መምህሩስ? ከባሕረ ሐሳብ።

በዚህች ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ነገር ከዚህ ይጀምርና፣ አንዳንዶቻችሁን ምናልባት በሚያስገርም ሁኔታ፣ ወደ ኮምፒውተር ቋንቋዎች ይሻገራል። እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ስንኝ እቆጥራለሁ። የኮምፒውተር ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ጊዜ በራሴ ስሕተት የተማርሁት ነገር አለ፤ የተማርሁትም ከአንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር ዘንድ ነው። ነገሩ «ለዚህ ሥራ የትኛው ቋንቋ ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ የሚመለከት በመሆኑ፣ ጥያቄውን ወደ ጥንቱ ልመልሰው።

የላስታ ተራሮች ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ የኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. እስከ 1270 ድረስ ከዚህ ምድር ሀገር ያስተዳደሩት የዛጉዌ ነገሥታት ከአገው ወገን ነበሩ። አገውኛ እስከ ዛሬ ድረስ ከላስታ በስተሰሜን በዋግ ምድር ይነገራል፤ ኽምጣንጋ የሚባለው ነው። ሆኖም እነዚያ ነገሥታት መሬት ሲሰጡና ርስት ሲያጸኑ የጻፉት በአገውኛ አልነበረም። ንጉሥ ላሊበላ ለገዳማት የሰጠው የመሬት ስጦታ ዛሬ በኤርትራ በሚገኘው የሐም ደብረ ሊባኖስ ወርቅ ወንጌል ውስጥ በግዕዝ ተመዝግቦ ይገኛል። በዚያ ዘመን ግዕዝ የማንም የአፍ መፍቻ መሆኑ ቀርቶ እንደ ነበረ ምሁራን ያምናሉ። ታዲያ ንጉሡ ሕዝቡ በየቤቱ የማይናገረውን ቋንቋ ለምን መረጠ?

መልሱ ከሥራው ባሕርይ ይገኛል። የመሬት ስጦታ ዛሬን ለሚሰማ ጆሮ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሰጪውም ተቀባዩም ከሞቱ በኋላ፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ዳኛ አንብቦ እንዲፈርድበት የሚጻፍ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው በየገበያው የማይለዋወጥ፣ በየደብሩ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚነበብ ቋንቋ ነው። በአንጻሩ መምህሩ ደቀ መዝሙሩን ቁጭ አድርጎ የግዕዙን ምሥጢር ሲያብራራለት በግዕዝ አያብራራም፤ አንድምታው በአማርኛ ነው። ንባቡ በግዕዝ፣ ትርጓሜው በአማርኛ፣ የቤት ጨዋታው ደግሞ እንደ አገሩ ሆነ። አባቶቻችን «ከሁሉ የሚበልጠው ቋንቋ የትኛው ነው?» ብለው አልተከራከሩም። ለየሥራው የሚስማማውን መደቡለት እንጂ።

ባሕረ ሐሳብም በዚህ ሥርዓት የኖረ ትምህርት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ድርሰቱን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። ድሜጥሮስ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በሦስተኛው መባቻ በመንበሩ የተቀመጠ አባት ነው። የስሌቱ መሠረት ግን ከእርሱም ይቀድማል። 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ሊገጥሙ ጥቂት እንደሚቀራቸው በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የአቴናው ሜቶን አስተውሎ ነበር። ሊቃውንቶቻችን ይህን የ19 ዓመት ዑደት «ንዑስ ቀመር» ይሉታል። 76 ዓመቱ «ማዕከላዊ ቀመር»፣ 532 ዓመቱ ደግሞ «ዐቢይ ቀመር» ይባላል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብጻዊው አቡ ሻኪር ስለ ዘመን አቆጣጠር በአረብኛ የጻፈው መጽሐፍም በኋላ ወደ ግዕዝ ተመልሶ የሊቃውንቱ መመርመሪያ ሆኗል። የጥንታዊ ሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ የነበረው ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት የግዕዝ መጻሕፍት የጥንቱን የእስክንድርያ ስሌት ጠብቀው እንዳቆዩ አሳይቷል። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም ባሕረ ሐሳብን ከታሪክ ማስታወሻ ጋር በአማርኛ መጽሐፍ አቅርበውልናል።

ስሌቱን አንድ ጊዜ አብረን እንሥራው፤ በኋላ ይጠቅመናል። 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ዓመተ ፍዳ ሲጨመርበት 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍል 12 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ይባላል። የገባው ዘመን ገና አልተፈጸመምና አንዱ ይቀነሳል፤ 11 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 አብዝተን ለ30 ስንገድፈው የሚተርፈው 1 አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 አብዝተን ለ30 ስንገድፈው የሚተርፈው 29 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ይሆናሉ፤ መፈተኛው ይህ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓሉ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 29 ስለ ሆነ መስከረም 29 ነው፤ ዕለቱ ረቡዕ ነበር። እያንዳንዱ ዕለት የራሱ ተውሳክ አለው፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። መጥቅዕ 29ና የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲደመሩ 33፣ 30ው ሲገደፍ 3። መባጃ ሐመር ይህ ነው፤ የነነዌ ጾም የካቲት 3 ገባ ማለት ነው። ከነነዌ 69ኛው ቀን ላይ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። የዘንድሮን ወይም የመጪውን ዓመት በዚሁ መንገድ ራሳችሁ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዜሮ የሚባል ምልክት በሌለው ቁጥር የተሠራ መሆኑን አስቡ። ፩ ብሎ የሚጀምረው የግዕዝ ቁጥር ለምንም ምልክት አላዘጋጀም። ሊቃውንቱ ግን አልቸገራቸውም፤ የሚተርፍ ከጠፋ «አልቦ» ይላሉ፤ የለም ማለት ነው። መደቡ 1 በሆነ ዓመት አንዱ ሲቀነስ ምንም ስለማይተርፍ ዓመቱ «አልቦ ወንበር» ይባላል። ቁጥሩ የጎደለውን ቃሉ ሞላው። መንገዱ በቃል የሚጠና ስለ ሆነም ብራና ቢቃጠል፣ መጽሐፍ ቢሰረቅ፣ ከአንድ መምህር ደረት ወደ ሌላው እየተላለፈ ኖረ።

አሁን ወደ ዘመናችን ቋንቋዎች እንሻገር። ኮምፒውተርን የምናዝዝባቸው ቋንቋዎችም እንደ ላስታ ልሳናት እያንዳንዳቸው ለአንድ ሥራ የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 አይቢኤም ያወጣው ፎርትራን ለሳይንስ ቀመር ተወለደ፤ ስሙም ቀመርን መተርጎም ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1959 የተጠነሰሰው ኮቦል ለንግድና ለመዝገብ ሥራ ታሰበ። ከግሬስ ሆፐር የቀደመ ሥራ ብዙ የወሰደ ሲሆን፣ የሒሳብ ምልክት ከማብዛት ይልቅ እንደ ተራ ዐረፍተ ነገር እንዲነበብ ሆኖ ተቀረጸ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪ የሠራው ሲ ለማሽኑ ለራሱ የቀረበ፣ ሌሎች ሶፍትዌሮች የሚቆሙበት መሠረት ነው። በ1987 ላሪ ዎል ያወጣው ፐርል ጽሑፍ ለመበርበርና ለመለወጥ፣ በ1991 ጊዶ ቫን ሮሰም ለሕዝብ ያቀረበው ፓይተን ደግሞ ለማንበብ እንዲቀል ተብለው የተሠሩ ናቸው።

በባንክ ሥራ ላይ ስለ ሆንሁ የኮቦልን ጠባይ ከሩቅም ቢሆን አከብረዋለሁ። ብዙዎቹ ቋንቋዎች ክፍልፋይ ቁጥርን ሲይዙ በሁለት በሁለት እየመነዘሩ ነው፤ በዚህ አያያዝ ዐሥር ሳንቲም፣ ማለትም የብር አንድ ዐሥረኛ፣ በትክክል አትጻፍም፤ ምንጊዜም ጥቂት ትተርፋለች ወይም ትጎድላለች። ለዝናብ ትንበያ ይህ ጉዳት የለውም። ሚሊዮን ሒሳብ ለሚያንቀሳቅስ ባንክ ግን ያች ጥቂት እየተጠራቀመች ገንዘብ ትሆናለች። ኮቦል ቁጥርን እንደ እኛ በዐሥር በዐሥር መያዝ ከጥንቱም ያውቅበታል። ስለዚህ በዓለም ላይ ብዙ የባንክ ሥርዓት እስከ ዛሬ በእርሱ ይሠራል። ያረጀ ነው ብለው የሚንቁት አሉ፤ ለሥራው ግን ገና ልክ ነው።

የእኛም ፊደል በዚህ ምርጫ ውስጥ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከገባ በኋላ፣ በፊደሉ ኮምፒውተር ለማሠራት የደከሙት ሰዎች መሣሪያቸውን መምረጥ ነበረባቸው። ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝ ነክ የሆኑ የፊደል መፈለጊያዎችን፣ የቁጥር መለወጫዎችንና የዘመን መቁጠሪያዎችን በፐርል ሠራ። «ሳድስ ፊደላትን ሁሉ ፈልግ» ወይም «የለን ቤተሰብ ሁሉ ፈልግ» ብሎ ማዘዝ ለእኛ ፊደል የተፈጥሮ ጥያቄ ነው፤ ጽሑፍ መበርበር ደግሞ የፐርል ዋና ሙያው ነው። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ከነሥራቸው የሚፈታውን ሆርንሞርፎን የሠራው ግን በፓይተን ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሥራቸው የተለያየ ነበርና ልሳናቸውም ተለያየ።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ነበር በራሴ ላይ የመጣው። ባሕረ ሐሳብን በኮምፒውተር ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ በየቀኑ የምጠቀምበትን ኤክሴልን መረጥሁ። ለምን ኤክሴልን? እውነቱን ልናገር፤ ሥራውን አይቼ አልነበረም፤ እጄ ላይ የነበረው እርሱ ስለ ሆነ ነው። ዓመቱን ሲጽፉለት አበቅቴውን፣ መጥቅዑን፣ መባጃ ሐመሩን፣ ነነዌንና ፋሲካን ይዘረዝራል። የማስታውሳቸውን ዓመታት ሁሉ ፈተንሁት፤ የፋሲካው ቀን አንድም ጊዜ አልሳተም። አበቅቴና መጥቅዕም ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ሆኑ። ደስ አለኝ። ወረቀቱን አትሜ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ በአንድ የላስታ ደብር ባሕረ ሐሳብ ወደሚያስተምሩት መምህር ወሰድሁት።

የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ ዝም ብለው አነበቡ። ከዚያ ጣታቸው በአንድ መሥመር ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ይህ የ2005 አበቅቴ ስንት ይላል?»

«19 ይላል፣ የኔታ።»

«18 ነው። መጥቅዑም 12 እንጂ 11 አይደለም።»

ደነገጥሁ። «የኔታ፣ ፋሲካው ግን ልክ ነው። ድምሩም 30 ይመጣል» አልኋቸው።

«ድምሩማ ይመጣል። ሁለቱ ተስማምተው የተሳሳቱ እንደ ሆነ ድምር ምን ያደርጋል? ይልቅ ለ19 ስትገድፈው ምን ተረፈህ?»

«ምንም አልተረፈኝም። አልቦ።»

«ካልተረፈህ 19ኙን ራሱን ያዘው ተብሎ አልተነገረህም? ከምንም ላይ አንድ ይቀነሳልን?»

ነገሩ ይህ ነበር። 7505 ለ19 ሲካፈል ያለ ቀሪ ያልቃል። በትምህርቱ መሠረት ያን ጊዜ መደቡ 19 ነው፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 18 ይሆናል። እኔ ግን መደቡን ዜሮ አድርጌ አንድ ስቀንስበት ወንበሩ ከዜሮ በታች አንድ ሆነ። ከዜሮ በታች ያለ ወንበር በባሕረ ሐሳብ የለም፤ በኤክሴል ግን አለ። ኤክሴል ያን ቁጥር በ11 አብዝቶ ለ30 ሲገድፈው፣ ወደ ኋላ ቆጥሮ፣ በጸጥታ 19 የሚል ንጹሕ ቁጥር ሰጠኝ። መጥቅዑንም 11 አለኝ። ሁለቱ ተደምረው 30 ሆኑ። መፈተኛውን አለፈ።

የአንዷ ቀን ልዩነት ከየት መጣች? አበቅቴ በየዓመቱ 11 ይጨምራል። በ18ኛው ወንበር 18 ሆኖ ወደ ቀጣዩ ዓመት ሲሻገር 29 መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን ዑደቱ ተዘግቶ እንደገና ከአልቦ ይጀምራል፤ አልቦ ማለት እዚህ ላይ 30 ነው። ስለዚህ በየ19 ዓመቱ በአንድ ቦታ ብቻ ጨረቃ አንዲት ቀን ትዘላለች። ፀሐይና ጨረቃ የሚታረቁት በዚያች ዝላይ ነው። እኔ ከአልቦ ወደ ኋላ 11 ስቆጥር ዝላይዋን ሳላውቅ አለፍኋት። የኔታ «19ኙን ያዝ» የሚሏት አጭር ትእዛዝ ያችን ዝላይ የምትጠብቅ ዘበኛ ኖራለች።

ወደ ቤቴ ተመልሼ ሌሎቹ ቋንቋዎች ይህን ቢጠየቁ ምን እንደሚመልሱ መረመርሁ። ያገኘሁት ለቋንቋ ወዳጅ የሚጥም ነገር ነው። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ሲገደፍ ቋንቋዎቹ አይስማሙም። ፓይተንና ፐርል እንደ ኤክሴል ወደ ኋላ ቆጥረው ከዜሮ በላይ ያለ ቀሪ ይሰጣሉ። ሲና ጃቫ ግን ቁጥሩን ከነጉድለቱ ይመልሱታል፦ አበቅቴ ከዜሮ በታች 11፣ መጥቅዕ ከዜሮ በታች 19 ይላሉ። ኮቦልና ፎርትራን ሁለቱንም ዓይነት ግድፈት ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ኮቦል «ሞድ» ሲል ወደ ኋላ ቆጥሮ ማለቱ ነው፤ ፎርትራን ደግሞ ያንኑ «ሞድ» ሲል ከነጉድለቱ ማለቱ ነው፤ ወደ ኋላ የሚቆጥረውን «ሞዱሎ» ይለዋል። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም። ግዕዝ ያልተማረ አማርኛ ተናጋሪ በግዕዝ መጽሐፍ ውስጥ «ከልብ» የሚል ቃል ቢያገኝ ስለ ፍቅር የተጻፈ ይመስለዋል፤ በግዕዝ ግን ውሻ ማለት ነው። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ቀመር የሚገለብጥ ሰውም እንዲሁ ውሻውን ልብ ነው ብሎ ሊያልፍ ይችላል።

ታዲያ ለባሕረ ሐሳብ የሚስማማው የትኛው ነው? መጀመሪያ ላይ ፓይተንን የመሰሉት ይሻላሉ ብዬ ነበር፤ ምክንያቱም ወንበሩን ራሱን አስቀድመው ለ19 ቢገድፉት ከዜሮ በታች ያለውን አንድ ወደ 18 ያመጡታል፤ የኔታ ያሉትም እርሱን ነው። ሲ ይህን አያደርግም። ነገር ግን ቆይቼ ሳስበው ነገሩ ተገለበጠብኝ። እኔ የሳትሁትን ያንኑ ስሕተት በሲ ስቼው ቢሆን ኖሮ፣ «አበቅቴ ከዜሮ በታች 11» የሚል ጉድ በወረቀቴ ላይ ይታይ ነበር። ያኔ መሳሳቴን በዚያችው ሌሊት አውቅ ነበር። ኤክሴል ግን ስሕተቴን አለስልሶ፣ አልብሶ፣ ልክ አስመስሎ ሰጠኝ። ጯሂው ቋንቋ ያጋልጠኝ ነበር፤ ጨዋው ቋንቋ ሸፈነልኝ።

ሽፋኑ እስከ መቼ ይቆይ ነበር? ይህንንም ሠራሁት። በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት 11 እሑድ፣ ጥቅምት 12 ሰኞ ነበር። በስሕተቱ 11ና የእሑድ 7 ሲደመሩ 18፤ በትክክሉ 12ና የሰኞ 6 ሲደመሩም 18። ነነዌ በሁለቱም የካቲት 18 ይገባል። ተውሳኩ ስሕተቱን ከሥር ከሥር ይክሰዋል። ቀሪው አልቦ የሚሆንበት ቀጣዩ ዓመት 2024 ነው፤ ያኔም በሁለቱም መንገድ 15 ይመጣል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው 2043 ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት 11 ዓርብ፣ ጥቅምት 12 ቅዳሜ ይሆናል። የዓርብ ተውሳክ 2 ነው፤ በስሕተቱ 13 ይመጣል። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ ትክክሉ 20 ነው። በእኔ ወረቀት ነነዌ ከየካቲት 20 ወደ የካቲት 13፣ ፋሲካም ከሚያዝያ 29 ወደ ሚያዝያ 22 ይወርድ ነበር። አንድ ሙሉ ሳምንት! ያን ጊዜ እኔ በጡረታ ላይ እሆናለሁ፤ የኔታም አይኖሩም። ወረቀቱን የሚያምነው ሌላ ሰው ነው።

እኛ የሒሳብ ሠራተኞች ይህን ዓይነት ስሕተት እናውቀዋለን። የቀኑ ሒሳብ ሲዘጋ ዴቢትና ክሬዲት እኩል ስለ መጡ ብቻ መዝገቡ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በሁለቱም በኩል እኩል የተሳሳተ ሒሳብ ሚዛኑን አያዛባም። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚይዘው ማሽን አይደለም፤ ያ ደንበኛ፣ ያ ቀን፣ ያ ቁጥር ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ላስታ ዘልቆ ነበር። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንኮች ተዘጉ። በዚያ ሰሞን በባንክ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ገንዘብም ሆነ በኤክሴል ውስጥ ያለ አቡሻህር ለማንም አልጠቀመም። የዓመቱ መደብ 9፣ ወንበሩ 8፣ አበቅቴው 28፣ መጥቅዑ 2፣ ነነዌም የካቲት 7 መሆኑን ለማወቅ ግን መብራት አላስፈለገም። በመምህራኑ አእምሮ ውስጥ ነበርና። በቃል የሚጠናው የግዕዝ መንገድ ዘገምተኛ ነው፤ ለመማር ዓመታት ይፈጃል፤ ነገር ግን ለእንዲህ ያለ ቀን የተመረጠ ቋንቋ ነው።

ይሁን እንጂ ይህም ያለ ሰው አይቆምም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በወረርሽኙ ሰሞን ሥራ ያጡ ሰዎች ለድጎማ ሲጎርፉ በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ገዥ ኮቦል የሚያውቁ ሰዎች እንዲረዱ በይፋ ተማጽነው ነበር። ቋንቋው አልሞተም፤ አዋቂዎቹ ግን አርጅተው ነበር። ይህን ሳነብ የኔታ በፊታቸው ያሉትን ጥቂት ተማሪዎች አሰብሁ። አንድ ቋንቋ ለሥራው የቱንም ያህል ቢስማማ፣ «19ኙን ያዝ» የምትለው ትእዛዝ ለምን እንደ ተባለች የሚያስረዳ ሰው ካልቀረ፣ የሚቀረን ድምሩ 30 የሚመጣ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ለሥራ ቋንቋ ስትመርጡ፣ በኮምፒውተርም ይሁን በብራና፣ ሦስት ነገር ጠይቁ እላለሁ። ሥራው ምን ዓይነት ነው? ቋንቋው በጠርዙ ላይ፣ ቀሪው አልቦ በሆነ ዓመት፣ ምን ያደርጋል? ከእኔስ በኋላ ማን ያነበዋል? ንጉሥ ላሊበላ ለመሬቱ ስጦታ ግዕዝን ሲመርጥ ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሰ ይመስለኛል። እኔ ኤክሴልን ስመርጥ አንዱንም አልጠየቅሁም ነበር።

ወረቀቱን አርሜዋለሁ። በቀመሩ አጠገብም በአማርኛ አንድ መሥመር ጻፍሁ፦ «ቀሪው አልቦ ከሆነ 19 ይያዛል፤ ጨረቃ በዚህ ቦታ አንድ ቀን ትዘላለችና»። የኔታ አይተው «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ፤ ቀጥለውም ለነገ የማጠናውን ሰጡኝ። በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ሆኛለሁ ማለት ነው።

ቸር ይግጠመን።